የመምህሩ ጉድጓድ

ፊዚክስ ከባድ አይደለም። ከባድ ነው የሚሉት ወይ ያልተማሩት ናቸው፣ ወይ ተምረውት ክብራቸውን ከክብደቱ የሚያገኙት። እኔ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሬዋለሁ። በቂ ሻይ፣ በቂ ወረቀትና የማይጮህ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ይማረዋል። ስሌቱ ዛሬ ካልገባህ ነገ ይገባሃል፤ ነገም ካልገባህ ከጓደኛህ ትገለብጣለህ። በዚህ ትምህርት ውስጥ እኔን የከበደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በየትኛውም የኮርስ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አላየሁትም።

ይህን የሚያስጽፈኝ ሐያት የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ መምጣት ነው። ባለፈው ሳምንት ወልድያ ቤቴ ድረስ መጣች፤ በአንድ እጇ ማንጎ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ከቴሌግራም ላይ አውጥታ ያሳተመችው ማስታወቂያ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ድህረ ምረቃ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው፦ ኳንተም ኦፕቲክስ፣ ኒውክሌር ፊዚክስ፣ አስትሮፊዚክስ፣ ጂኦፊዚክስ። እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ተደርድሯል። እዚያ ሲደረስ ግማሹ “ዛሬ የለም” እንደሚባል ከልምድ አውቃለሁ፤ ግን የልጅቷን ደስታ ለማበላሸት ገና ሰዓቱ አልነበረም። የፈለገችው የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ነው።

“ቤታችሁ የት አካባቢ ነበር?” አልኳት፣ ደብዳቤው ላይ ትንሽ ነፍስ ልዘራበት ብዬ።

“ከግራና ከተማ በታች ነው ቲቸር። የመምህሩ ጉድጓድን ያውቁታል? ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ።”

“የመምህሩ ጉድጓድ?”

“ስሙ ነው እንጂ ውሃ የለውም። ዝም ብሎ ጉድጓድ ነው። ልጆች ሆነን እዚያ እንዳትሄዱ እንባል ነበር።”

ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ደብዳቤውን ነገ መጥታ እንድትወስድ ነገርኳት። ማንጎው ጠረጴዛው ላይ ግማሹ ተልጦ፣ ግማሹ እንዳለ ቀረ።

መምህሩ እኔ ነኝ።

ያኔ መርሳ ላይ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ጸጉር ነበረኝ፣ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። የእኛ ዓይነቱ መምህር ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው በክረምት ነው። ተማሪው እርሻ ሊያግዝ ሲበተን መምህሩ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ተማሪ ለመሆን ይሄዳል። ሰኔ ሲያልቅ ከመርሳ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ውርጌሳ ላይ ስንቆም በመስኮት የሚገባው የተጠበሰ በቆሎና የእርጥብ አፈር ሽታ እስካሁን ያለ ትኬት ወደዚያ ዕድሜ ይወስደኛል። ከዚያ ጭጋግ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ትከሻዬ ላይ እንቅልፉን ሲጨርስ። ዩኒቨርሲቲው ከወሎ ውጭ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የቀን ተማሪዎች በወጡበት ዶርም፣ በሌላ ሰው የግድግዳ ጽሑፍ ሥር እንተኛለን። ቤተ ሙከራው ውስጥ መሣሪያዎቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። የተበላሸው የትኛው፣ ደህናው የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም እኩል ይከበራል።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ የመመረቂያ ርዕስ ምረጡ ተባልን። ሰይድ፣ መርሳ አብሮኝ የሚያስተምረው የልብ ጓደኛዬ፣ ኳንተም ኦፕቲክስ መረጠ። እኔ ጂኦፊዚክስ አልኩ፤ የሚዳሰስ ነገር ይሻላል ብዬ።

“ሞኝ ነህ” አለኝ ሰይድ። “የእኔን ስሌት ቆፍሮ የሚያይ ገበሬ የለም። ያንተን ግን ይቆፍሩታል።”

ሳቅን። ሰይድ ቀልዱ ሁልጊዜ ከጊዜው ቀድሞ ይመጣ ነበር።

ርዕሴ በሐብሩ ቆላ የከርሰ ምድር ውሃን በኤሌክትሪክ ልኬት መፈለግ ነበር። አሠራሩን እዚህ ብነግራችሁ አትደክሙም። አራት የብረት ካስማ መሬት ላይ ትመታለህ፣ በሁለቱ ከመኪና ባትሪ በሽቦ ኤሌክትሪክ ታስገባለህ፣ በሁለቱ መሬቱ ምን ያህል እንደተቃወመህ በመሣሪያ ታነባለህ። ካስማዎቹን ባራራቅካቸው መጠን የበለጠ ወደ ጥልቁ ታያለህ። ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ካለፈ ከሥር እርጥበት ወይም ጭቃ አለ፤ መሬቱ እምቢ ካለ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱን ንባብ ወረቀት ላይ በነጥብ ታስቀምጥና ነጥቦቹን በመስመር ታገናኛቸዋለህ። በቃ። ለዚህ ነው ሦስት ክረምት የፈጀሁት።

በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቱ ለመንፈቀ ዓመት ሲዘጋ፣ መሣሪያውን ከአንድ መሥሪያ ቤት ተውሰን ከሰይድ ጋር ከግራና በታች ወዳለ መንደር ወረድን። ባትሪውን አህያ ተሸከመችልን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ አቧራው ዱቄት ነው፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ነው።

መንደሩ ውሃ ሊቆፍር ከወሰነ ቆይቷል፤ የተጣላው የት እንደሚቆፈር ነው። ወንዶቹ ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ይሁን ይላሉ፤ ለሁሉም ቤት ቅርብ ነው፣ ጥላም አለው። እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ደግሞ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይሁን ብለው ድርቅ ብለዋል። ምክንያታቸው አህዮች ናቸው፤ በበጋ ጥም ሲጠናባቸው እዚያ ቦታ ላይ አሸዋውን በኮቴያቸው ይጭራሉ።

“አህያ አማካሪ ሆኖ አያውቅም” ይላሉ ወንዶቹ።

“ከእናንተ ይሻላል፣ ቢያንስ ውሃ ፍለጋ ራሱ ይሄዳል” ይላሉ እትዬ ዘሃራ።

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ይመር ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቁ። የሁለቱም ወገን አቤቱታ እሳቸው ዘንድ ሰነባብቷል። እኛ ስንመጣ ነገሩ ተቋጨ አሉ፦ “የተማሩ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱንም ቦታ ይመርምሩና ይንገሩን።” እኔ ጥናት እንጂ ውሃ የማሳየት ሥራ እንዳልያዝኩ ላስረዳ ሞከርኩ። ሰይድ በክርኑ ጎሸመኝ፤ ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረው ነበር።

“አላህ ዓይናችሁን ይክፈተው። ያያችሁትን የምትናገሩ ያድርጋችሁ።”

“አሚን” አለ መንደሩ። እኔም የወልድያ ክርስቲያን ልጅ አብሬ አሚን አልኩ። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ምርቃት ሲመጣ እጅህን ትዘረጋለህ፣ የማን አምላክ እንደተጠራ አትጠይቅም።

ሾላው ሥር ስንለካ መሬቱ ከመድረቁ የተነሳ ካስማዎቹ ኤሌክትሪክ አላስተላልፍ አሉ። ለዚህ የታወቀ መላ አለ፦ ካስማው ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ታፈሳለህ። ጨው ይዘናል። ውሃ ግን የለንም። ከእትዬ ዘሃራ ቤት አንድ ቢጫ ጀሪካን ለመንን። ራሳቸው ተሸክመው አመጡት፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የቀዱት ነው። ከእያንዳንዱ ካስማ ሥር ሳፈስ ቆመው አዩኝ።

“እናንተ ልጆች” አሉ፣ “ውሃ ፍለጋ መጥታችሁ ውሃ ትደፋላችሁ?”

“ትንሽ ነው እትዬ።”

“ለመሬት ትንሽ ነው። ለእኔ ዛሬ ማታ ወጥ ነበር።”

አፈርኩ፤ ግን አፈሰስኩት። በደብተሬ ጠርዝ ላይም ጻፍኩ፦ “ጨው ውሃ ተደርጓል፣ ካስማው በደንብ ተገናኝቷል።” ካስማዎቹን እያራራቅን ሄድን። ንባቡ መጀመሪያ ዝቅ እያለ ሄደ፤ ልቤ ሞቀ። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ በጣም በተራራቁት ሦስት ልኬቶች፣ ሽቅብ ተመነጠቀ። ደግመን ለካን። ያው ነው። ወደ ወንዙ አሸዋ ወርደን የለካነው ደግሞ መልክ የለሽ ሆነ፤ ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ የተበታተኑ፣ የአህያ ዱካ ይመስላሉ።

ያን ቀን ማሽላ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ አበሉን። ከዚያ ፓፓያ፣ ከዚያ ሻይ። ውሃ ያሳየናል ብለው በሚያበሉህ ቤት ምንም የማያውቅ እንግዳ መሆን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የገባኝ እዚያ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ግራፌን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። ደግ ሰው ነበር፣ ሥራ የበዛበት። የወንዙን አሸዋ ግራፍ አይቶ ፊቱን አጨማደደ፦ “ይኼ አያስፈልግህም፣ አባሪ ውስጥ ክተተው።” የሾላውን ሲያይ ደስ አለው። ከዚያ እርሳሱ መጨረሻ ያሉት ሦስት ነጥቦች ላይ ቆመ።

“በደረቅ ወቅት ነው የለካኸው አይደል? ካስማው ከመሬቱ ጋር አልተገናኘም። የልኬት ስህተት ነው፤ ሦስቱን ተዋቸው። ያለ እነሱ ውብ ግራፍ ነው።”

ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ አለ። ውስጡ የእትዬ ዘሃራ ውሃ በእጄ ጽሑፍ ተመዝግቧል። “የለም ዶክተር፣ ውሃ አፍስሼበታለሁ” ማለት ይጠበቅብኝ ነበር። አራት ቃል ነው። ግን ካልኩት መሣሪያውን ደግሜ መዋስ፣ ደግሜ መውረድ፣ ምናልባትም አራተኛ ክረምት መጨመር አለብኝ። ድካም ከውሸት ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ በዚያች ቢሮ ውስጥ ተማርኩ።

“እሺ ዶክተር” አልኩ።

በቅዳሜ ገበያ ቀን ሼህ ይመር መርሳ ድረስ መጡ። ሻይ ቤት ቁጭ አልን፤ በረንዳው ላይ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ መንገዱ ላይ የባጃጅ ግርግር። ንጹሑን ግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው እንደ ኪታብ ቀስ ብለው አዩት።

“ይኼ ቁልቁለቱ ነው ውሃው?”

“አዎ ሼህ። መሬቱ እዚህ ጋ እርጥበት ያሳያል።”

“እንዲያ ነው። ታዲያ ከቁልቁለቱ ወዲያ ምን አለ?”

ጣታቸው ያረፈው ሦስቱ ነጥቦች ከነበሩበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

“ወረቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ “የሾላው ነው የሚሻለው ትላለህ፣ ወይስ የዘሃራ?” ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሦስት ክረምት ትምህርቴ ሁሉ ለዚያች ሰዓት የሚሆን አንድ ቃል ቢኖር እሱ ነበር። ግን ገንፏቸውን በልቻለሁ፣ አሚን ብያለሁ፣ የተማረ ልጅ ተብያለሁ።

“የሾላው” አልኩ።

ከየካቲት ጀምሮ በደቦ ቆፈሩ። እኔ አልሄድኩም፤ ምዕራፍ ሦስትን እየጻፍኩ ነበር። በሚያዝያ አንድ ቀን ሰይድ መምህራን ክፍል ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ድንጋይ አገኙ” አለ።

“ምን ዓይነት?”

“ጥቁር። ድጅኖው እሳት ይተፋል አሉ። አሥራ አራት ክንድ ወርደው ነው። የምታውቀው ድንጋይ ነው። ሦስት ጊዜ ነግሮሃል።”

“አማካሪዬ ነው ተው ያለኝ።”

“አማካሪህ ውሃው ሲፈስ አላየም። እኔና አንተ ነን ያየነው።” ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ “አሁንም እኮ ይመለሳል። ሦስት ነጥብ ነው። በእርሳስ።”

ተቆጣሁ፤ ሰው እውነት ሲነገረው የሚቆጣውን ቁጣ። የዲፌንሱ ቀን ተቆርጧል፣ አሁን ግራፍ የሚቀየርበት ጊዜ አይደለም፣ አንተ ኳንተምህን አስብ አልኩት። ሰይድ ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ስለዚህ ጉዳይ ዳግም አላነሳብኝም፤ አለማንሳቱ ነው የባሰው።

በነሐሴ ጽሑፌን ይዤ ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። ሱፍ ተውሼ፣ ክራባቱ አንገቴን አንቆኝ፣ ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ። ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ “ውጤትህ በቁፋሮ ተረጋግጧል?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ደርቆ፣ በእሾህ ታጥሮ አራት ወሩ ነው።

“እሱ ለቀጣይ ጥናት የሚቀርብ ነው” አልኩ።

ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ መጨረሻቸው ላይ “ለቀጣይ ጥናት” የሚል ክፍል ባየሁ ቁጥር እዚያ ሥር ማን እንደተቀበረ አስባለሁ። ውጤቴ እጅግ በጣም ጥሩ ተባለ። አጨበጨቡልኝ።

በጥቅምት ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም የነገርኩት ውሸት ነበር፦ ላመሰግናቸው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ እሸት ይዟል፤ መንገዱ ዳር የተኘከ ጥንቅሽ ወድቋል። መጀመሪያ ያዩኝ እትዬ ዘሃራ ነበሩ።

“አንተ የሽቦው ልጅ” አሉኝ ከሩቅ፣ “ውሃዬን አምጣ።”

ሳቁ። ጥንቅሽ ሰብረው ሰጡኝ። እኔም እያኘክሁ፣ ጣፋጩን ውሃ እየዋጥኩ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ከታች ምንም አይታይም። የቆፈሩት ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ደረጃ የተፈለፈለለት፣ ውሃ ይጠብቅ የነበረ ሰው ሥራ። ሼህ ይመር በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

“እንኳን ደስ ያለህ፣ ተመረቅህ አሉ።”

“ይመስገን። ሼህ፣ ስለ ጉድጓዱ… ማሽን ነው መቼም፣ አንዳንዴ ይሳሳታል።”

“ማሽኑን ማን ጠየቀው ልጄ?” አሉኝ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። “የጠየቅነው አንተን ነው።”

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላወጣው እጄን ሰድጄ በምትኩ የስንቄን የእንጀራ ቋጠሮ አወጣሁ። ያን ዓመት ሰው ጉልበቱን ጨርሶ ስለነበር ወደ ወንዙ አሸዋ የሚወርድ አልተገኘም። ሴቶቹ ሌላ በጋ ሙሉ ተመላለሱ። በሚቀጥለው በጋ እትዬ ዘሃራ ልጆቻቸውን አስከትለው ራሳቸው ጀመሩት፤ በስድስት ክንድ ውሃ አገኙ። ይህን የሰማሁት ወደ ወልድያ ተዛውሬ፣ ደሞዜ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ እርከን ተጨምሮልኝ ከቆየሁ በኋላ ነው።

ሐያት በማግስቱ መጣች። ደብዳቤውን አስቀድሜ ሰጠኋት፤ የምነግራት ነገር እንዳይበርዘው። ከዚያ ካሬ ደብተሩን አወጣሁ። ባለፈው ግርግር ቤቴ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑ ሄዷል፣ ምንጣፉ ሄዷል፤ ደብተሩን የፈለገው አልተገኘም። ፊዚክስ የሚሰርቅ የለም። ገጹን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከሼሁ ዱዓ እስከ ክራባቴ።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ጣቷን ወደ ገጹ ጠርዝ ወሰደች።

“ጨው ውሃ ተደርጓል ይላል እኮ እዚህ። ሦስቱም ነጥብ ልክ ነው።”

“ልክ ነው።”

“የአያቴ ውሃ ነው” አለች ቀስ ብላ።

ማንጎውን ያመጣችልኝ የእትዬ ዘሃራ የልጅ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው።

“እስካሁን ታወራዋለች” አለችኝ። “ሁለት የተማሩ ልጆች መጥተው ውሃዬን መሬት አጠጥተው ሄዱ ትላለች። ከዚያ ትስቃለች። ጉድጓዱ በደረቀበት በጋ አክስቴ አርግዛ ነበር ውሃ የምትቀዳው። እሱን ስታወራ ግን አትስቅም።”

ደብተሩን ዘጋሁት። ማስታወቂያዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ “ታዲያ ልማር ወይስ ልተወው ቲቸር?” አለችኝ።

“ተማሪ። ጂኦፊዚክስ ያዢ።”

“ለአያቴ ልንገራት?”

“የለም። እኔ ነኝ የምነግራቸው።”

“መቼ?”

ይህን ጥያቄ ፈታኞቼ ቢጠይቁኝ ኖሮ ለቀጣይ ጥናት እለው ነበር። “ዓርብ” አልኳት።

ነገ ዓርብ ነው። ሼህ ይመር ካረፉ ቆይተዋል፤ ለእሳቸው ዘግይቻለሁ። እትዬ ዘሃራ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል ብላኛለች ሐያት። ደብተሩንና ውሃ የሞላ አንድ ቢጫ ጀሪካን ለመውሰድ አስቤያለሁ፤ ጀሪካኑ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። “አላውቅም” የሚለውን ቃል መጻፍ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።

አንተም፣ አንቺም፣ መደርደሪያ ላይ የተጠረዘ ጥናት ያላችሁ ሁሉ፦ ዛሬ አውርዱት። የጣላችሁትን ነጥብ በእርሳስ መልሱበት። ከዚያ መሬቱን ወደለካችሁበት ሰው ቤት ሂዱና ንገሩት።